ተከራዬ ያሳደጋት ተክል

ፒያሳ፣ ጓሮዬ ያለችውን ክፍል ያከራየሁት ቴዎድሮስ የሚባል ጎልማሳ በቀለም ባልዲ የተከላት ተክል ነበረችው። አንድ ሰሞን ከታች ጀምራ ቢጫ ስትሆን፣ እሱም ሐዘን እንደተቀመጠ ሰው አንገቱን ደፋ።

«ምንድን ናት?» ብዬ ብጠይቀው፣ «መድኃኒት ናት፣ እማማ» አለኝ።

እናንተዬ፣ አላስቻለኝም፤ ከነአፈሯ አውጥቼ አየኋት። ባልዲው ቀዳዳ የለው! ሥሯ ውሃ ውስጥ ጠቁሮ ይሸታል።

«ልጄ፣ አሰጠምካት እኮ! ከታች መገርጣቷ ደግሞ ረሃብ ነው» አልኩት። የበሰበሰውን ቆረጥኩ፣ ባልዲውን በሚስማር በሳሁት፣ የበግ ፍግ የገባበት አፈር ሰጠኋት። ሰንብታ አረንጓዴ ሆና ተነሣችልኝ። ፀሐይ ትሙቅ ብዬ ደጅ አወጣኋት።

ጎረቤታችን ፖሊሱ ሲያልፍ አይቷት ቀጥ አለ። ቴዎድሮስ «መታሰሬ ነው» ብሎ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ዕፅ ነው!» አለኝ ፖሊሱ።

ዕፅ የሚሉት ሐሺሽን እንደሆነ ምን አውቄ! «ታዲያ ዕፅ ካልሆነ ድንጋይ ሊሆን ኖሯል? በገዛ እጄ ነው ያዳንኳት!» አልኩት።

ፖሊሱ ግራ ቀኙን አየ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «የእኔዋ ደግሞ የቅጠሏ ጫፍ እየተቃጠለ አስቸግሮኛል፤ ምን ላድርግላት?» አይለኝም!