ቡቃያ አልረግጥም ያለችው ሯጭ

የልጅ ልጄ ስሟ ከሯጮች ዝርዝር የተሰረዘው መንገድ አሳጥራ ሳይሆን አርዝማ ነው። ይህ በደል ነው፤ በደል መሆኑም ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። እኔ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ጽሕፈቴ ያማረ አይደለም። ያየሁትን ግን አላጣምምም።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ካለፈ ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ ነው። ልጅቱን ከጡት ከወጣች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ እናቷ ዳንግላ ሥራ ላይ ነበረች። እንጅባራ ኮሌጅ ገብታ ሁለተኛ ዓመቷን ስትጀምር፣ ኮሌጁን ወክለው ባሕር ዳር ላይ አገር አቋራጭ የሚሮጡ አራት ሴቶች ይመረጣሉ ተባለ። ባለፈው ዓመት አምስተኛ ወጥታ ቀርታለች። ክረምቱን ሙሉ ያችን አምስተኛነት ስታኝክ ከረመች። አራት ውስጥ ከመግባት ሌላ የምታወራው አልነበራትም።

ልምምድ የተጀመረው መስቀል እንዳለፈ ነው። መሬቱ ገና አልጠነከረም፤ ወደ ዘንገና በሚወስደው የእግር መንገድ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ የማለዳው ብርድ ጣት ይቆርጣል። እኔ ሹራቧን አንጠልጥዬ፣ በላስቲክ ጠርሙስ በሶ በጥብጬ እከተላታለሁ። ለከሰል የተተከለው፣ ዲከረንስ የሚሉት የግራር ጫካ ጋ እስክደርስ እሷ አቀበቱን ሦስቴ ወጥታ ወርዳለች። ፈረስ ጋሪ ላይ ከሰል የሚጭኑት ጎረምሶች መቀለጃ አደረጓት። አንዱማ፣ «እማማ፣ ምን ሰርቃ ነው እንዲህ የምትሸሸው?» አለኝ። «ያንተን እንቅልፍ» አልሁት። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ብቻ ሆነ።

የስፖርት መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። አዘና በኩል ገበሬ ቤት ያደገ፣ ትሑት ወጣት ነው። ጥፋቱ ቸልተኝነት ነው። የመሮጫውን መስመር ያበጀው በመስከረም መጀመሪያ ነበር። ቀይ ጨርቅ ያሰረበትን የቀርከሃ ካስማ እየተከለ ግጦሹን ዞረ፤ ከዚያ በአንድ የታረሰ ባዶ ማሳ መሐል ቀጥ አድርጎ አሻገረው። ታርሶ ባዶ የተቀመጠ መሬት ዘር የሚጠብቅ መሬት መሆኑን ከሱ የበለጠ ማን ያውቃል? ግን ተመልሶ አላየውም። ባለማሳው ጎረቤቴ ናቸው፣ ሽማግሌ ሰው። ዝናቡ ሲያባራ ጓያቸውን ዘሩ። ካስማዎቹን ግን አልነቀሉም። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ መንገድ ሊያወጡ የመጡ ሰዎች የተከሉት የመንግሥት ምልክት መስሏቸው ነው፤ ማን ነክቶ ማን ይጠየቃል ብለው በየካስማው ዙሪያ እየዞሩ ዘሩበት።

የመምረጫው ሩጫ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ጧት ሆነ። ግጦሹን ዞሮ፣ ማሳውን አቋርጦ የሚመለስ ሁለት ዙር ነው። እኔ ጉብታው ላይ ቆሜ ነበር። ልጄ ሁለተኛ ሆና ስትመጣ እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። ከፊቷ ያለችው ልጅ ጓያው ውስጥ ሰተት ብላ ገባች። ልጄ ማሳው ጫፍ ስትደርስ እግሯን ገታች፤ ወዲያው ወደ ጎን ታጥፋ በድንበሩ መዞር ጀመረች። ክው አልሁ። አራት ሴቶች በመሐል አቋርጠው ቀደሟት። እሷ ግን ከማሳው ማዶ ብቅ ብላ እንደገና አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። በሁለተኛው ዙር ቡቃያው ተረግጦ ደቋል፤ ሌላ ሰው ቢሆን ከእንግዲህ ምን ቀረው ብሎ ይገባ ነበር። እሷ አሁንም ዞረች። እንደዚያም ሆኖ ሦስተኛ ገባች።

ዝርዝሩ ሲነበብ ስሟ የለም። መምህሩ፣ በካስማዎቹ መሐል ስላላለፈች መስመር ለቃለች፣ ሕጉም መስመር የለቀቀ ይሰረዛል ነው የሚለው አለን። ማሳው ጋ የሚያልፉትን እንድትመዘግብ የተመደበችው ተቆጣጣሪ ወረቀቷ ላይ ምልክት አላደረገችላትም። ይህች ተቆጣጣሪ የቆመችው የት ነበር? ድንበሩ ላይ። እሷም ጓያ ውስጥ መቆም ነውር ሆኖባታል። ልጄ ሁለቱንም ዙር ቀሚሷን ልትነካት ምንም ሳይቀራት በፊት ለፊቷ አልፋለች። ለቆመችው ነውር የሆነው ለሮጠችው እንዴት ሕግ ይሆናል?

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን አልገባሽም አልኋት። በቁጣ ነው የጠየቅሁት፣ አልዋሽም።

«እማዬ፣ ጓያው እኮ ገና ሁለት ቅጠል ነው» አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ በሶውንም አልቀመሰችውም።

እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው። ልጅ ሳለች ጥጃ ስትመልስ የሰው ገብስ ረግጣ በአለንጋ ገርፌያታለሁ። በአለንጋ ያስገባሁትን ነገር ኮሌጁ በወረቀት ሊያስወጣ ነው? እኔ ባላስተምራት ኖሮ ባሕር ዳር ትሄድ ነበር ማለት ነው።

ሰኞ ጧት መሬት ሲደለደል እንደሚደረገው ገመድ ይዤ ማሳው ጋ ወረድሁ። ባለማሳው አንዱን ጫፍ ያዙልኝ። ሰብላቸው ተረግጦ ይቅርታ ያላቸው ሰው የለም፤ እሳቸው ግን ይስቁ ነበር። «የራስሽን መሬት ስትረከቢ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅሽም» አሉኝ። በተረገጠው በኩል ቀጥታ ስንለካው አራት ገመድ ሆነ። በድንበሩ ዙሪያውን ሰባት። በየዙሩ ሦስት፣ በሁለት ዙር ስድስት ገመድ ከሌሎቹ አስበልጣ ሮጣለች። አስበልጣ ሳይሆን አጉድላ ተቀጣች እንዳይሉኝ ቁጥሩን በቃሌ ያዝሁ።

ማክሰኞ ኮሌጁ ሄድሁ፤ መምህሩ ዲኑን አነጋግሪ ብሎ ላከብኝ፣ ዲኑ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ረቡዕም ስብሰባ ነው። ሐሙስ በሩ ላይ ተቀመጥሁና ዘበኛውን፣ ስብሰባው እስኪያልቅ እዚሁ ነኝ፣ ዳቦዬንም ይዣለሁ አልሁት። ከቀትር በፊት አስገቡኝ። ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አንድ በአንድ ተናገርሁ። ዲኑ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ስጨርስ ግን፣ እማማ፣ ይህ ስፖርት እንጂ የመሬት ክርክር አይደለም አሉኝ።

«ታዲያ የሮጡት በሰማይ ነው?» አልኋቸው።

ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው መምህሩን አስጠሩት። መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ገመዱን አየ፤ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ገባው።

«አንተ የገበሬ ልጅ ነህ» አልሁት። «እውነቱን ንገረኝ። አንተ ብትሆን በየት ታልፍ ነበር?»

ዲኑን ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

«በድንበሩ ነበር የማልፈው፣ እማማ» አለኝ። «ዝርዝሩ ግን ትናንት ወደ ባሕር ዳር ተልኳል።»