ባትሪው ሰባ አንድ በመቶ ነበር

ሽማግሌው ክረምቱን ጀልባቸው ላይ እንዲያሳልፉ ልጃቸው የተስማማችው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ባትሪው ምን ያህል እንደያዘ ሜልበርን ዳር ፖይንት ኩክ ካለው ቤቷ ሆና በስልኳ ማየት አለባት። ያ ካልሆነ ጀልባዋን ትተው እሷ ዘንድ መግባት ነበረባቸው። እሳቸው ደግሞ ከዚያ ቤት ይልቅ ባሕሩ እንደሚሻላቸው ደጋግመው ነግረውኛል።

በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል መርከብ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። ከስደት በኋላ እዚሁ ሴንት አልባንስ ሰፈር በኪራይ ቤት ብዙ ዓመት ኖሩ። ባለቤታቸው ሲያርፉ ቤቱን ለቀው አንዲት አሮጌ የእንጨት ጀልባ ገዙ። ባለ ሸራ ናት፤ ዊልያምስታውን ፊት ለፊት፣ ከመሬት ራቅ ብላ፣ ውሃው ላይ በሰንሰለት ታስራ ትንሳፈፋለች። ወደ እሷ የሚደረሰው በትንሽ መቅዘፊያ ታንኳ ነው። ከመሬት የሚደርሳት መብራት የለም።

አሮጌ እንጨት ስለሆነች ውሃ ታስገባለች። ሆዷ ውስጥ የሚጠራቀመውን አንድ ፓምፕ በየጊዜው ራሱ እየተነሣ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ፓምፑ የሚሠራው በባትሪ ነው። ባትሪው ካለቀ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ከቆመ ጀልባዋ ትሰምጣለች። ልጅቱ የፈራችው ይህንን ነበር።

ሶላሩና የባትሪ መቆጣጠሪያው ሲመረጥ እንድገኝ የጠየቀችኝ እሷ ናት፤ ጋዜጠኛ ነኝ።

«እርስዎ ሳያጣሩ አይናገሩም» አለችኝ አባቷ ባሉበት። «አባዬን ግን አላምነውም።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እኛ አገር ጋዜጠኛ የሚያምን ጠፍቶ አንቺ ሜልበርን ላይ ጀመርሽ?»

ላቨርተን ኖርዝ፣ በመጋዘኖች መሃል ወዳለ የጀልባ ዕቃ ሱቅ ሄድን። ሶላሩን የመረጡት እሳቸው ናቸው። ሻጩ ጣሪያው ላይ የሚለጠፈውን፣ እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፈውን ዓይነት ሊያሳያቸው ሲጀምር በእጃቸው ገፋ አደረጉት። በክረምት የሜልበርን ፀሐይ በሰሜን በኩል ዝቅ ብላ ስለምታልፍ፣ ጠፍጣፋ የተኛ ፓነል ብዙ እንደማይሰበስብ፣ የምሰሶው ጥላ ካረፈበትም ያለችውን እንደሚያሳጣ ነገሩት። ባለ መስታወቱን ሁለት ወሰዱ። ከጀልባዋ ኋላ በኩል በቧንቧ ፍሬም ላይ ተሰቅሎ ወደ ፀሐይ የሚዘነብል እንዲሆን። ዊልያምስታውን ወደብ ጀልባ ያላቸውን ሌሎች ሰዎች ለየብቻ ጠየቅሁ፤ ትክክል ናቸው አሉኝ።

የባትሪ መቆጣጠሪያው ላይ ቆየን። ርካሹ ቮልቴጅ ብቻ ይለካል። ፓነሉን ፀሐይ ስትመታው ደካማው ባትሪም ሙሉ መስሎ ይታያል። ሌላኛው ሻንት የሚባል የነሐስ ቁራጭ አለው። በባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ ላይ ይታሰርና የሚገባውንና የሚወጣውን እየቆጠረ፣ የቀረውን በመቶኛ ወደ ስልክ ይልካል። ሻጩ አንድ ነገር ደጋግሞ አሳሰበን። ማንኛውም ሽቦ ከሻንቱ ወዲያ መታሰር አለበት። በቀጥታ ባትሪው ላይ የታሰረ ሽቦ የሚወስደው አይቆጠርም።

«ቆጣሪ ነዋ» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ ቆጣሪ አንባቢ ልትሆንብኝ ነው።»

እሱን ገዛን፤ የገጠሙትም ራሳቸው ናቸው።

ለጥቂት ወራት በደንብ ሠራ። ልጅቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስትነዳ ትደውልላቸዋለች።

«አባዬ፣ ዛሬ ሰማንያ ስምንት ነህ።»

«ትናንትስ ስንት ነበርኩ?»

«ዘጠና።»

«አረጀሁ ማለት ነው።»

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ እዚህም ክረምት ላይ ነው የሚውለው። ዘንድሮ ደመናው አልገለጥ አለ፤ ፓነሎቹ ዝናብ ሲያንጠባጥቡ ይውላሉ። ሽማግሌው ጾሙን ከጀልባ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየተመላለሱ ጀመሩት፣ በመጨረሻ ሱባኤ ብለው እዚያው አዳራሹ ውስጥ ማደር ያዙ። ልጅቱ ሳታመነታ ፈቀደችላቸው። እኔንም ደውላ «ሰባ አንድ በመቶ ነው፤ ለዚህ ዝናብ ጥሩ ነው አይደል?» አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት።

የጎረቤት ጀልባ ባለቤት በማግስቱ ደወለላት። ከውሃው በላይ የሚታየው ምሰሶው ብቻ ነበር።

«ቅዳሴው ሳያልቅ እንዳይነግሩት» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ሄጄ እስኪቀምሱ ጠበቅሁና ነገርኳቸው። ዊልያምስታውን ደርሰን ዳር ላይ ቆመው ምሰሶውን አዩት።

«ቀጥ ብላ ነው የወረደችው» አሉ።

ከቀናት በኋላ በክሬን ወጣች። ውሃው ከጎኗ እየወረደ ሳለ ገብቼ ባትሪውን አየሁ። ኔጋቲቩ ላይ፣ ከሻንቱ ወዲህ፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ታስረዋል። የመርከበኛ አስተሳሰር ነው፤ አንድ ክር አልተዛነፈም። ተከተልኳቸው። አንዱ የእመቤታችን ሥዕል ፊት ወደተሰቀለች ትንሽ መብራት ይሄዳል፤ ሌላው ውዳሴ ማርያም ወደሚያሰማ ድምፅ ማጉያ።

«ጋሼ፣ ይሄ ከሻንቱ ወዲያ መሆን ነበረበት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ለእመቤቴ የሚሰጥ ይቆጠራል እንዴ? ልጄ ደግሞ ያንን በመቶኛ እንድታነበው አልፈለግሁም።»

መብራቷና ድምፅ ማጉያው የሚወስዱት ጥቂት ነው። ግን ፍልሰታ እስኪፈታ አይጠፉም፤ ሰው ባይኖርም ይሠራሉ። መቆጣጠሪያው ስሕተቱን የሚያርመው ባትሪው ሙሉ ሲሆን ነው፤ በዚያ ደመና ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ አልሆነም። ስለዚህ ሰባ አንድ እያለ ባትሪው ባዶ ሆነ። ከመቶኛው ሥር በደቃቃ ቁጥር ቮልቴጁም ተጽፎ ነበር፤ እየወረደ ነበር። ልጅቱ አላየችውም፤ እኔም አንብቢልኝ አላልኳትም።

ልጅቱ ስትመጣ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። «ምኑ ነው የተበላሸው?»

«የተበላሸ የለም።»

«ታዲያ ሰባ አንድ ይል የነበረው?»

ሽቦዎቹን አሳይቼ ነገርኳት። አባቷ አጠገባችን ቆመዋል። ሽቦውን በጣቷ ነካችው።

«አባዬ፣ ሻማ ብታበራ ይሻል ነበር።»

«ሻማ የከለከልሽኝ አንቺ ነሽ። የእንጨት ጀልባ ነው፣ ትቃጠላለህ ብለሽ።»

«ኦኬ፣ ዳድ» አለች። ከዚያ የመኪናዋን ኋላ ከፍታ የረጠቡ ልብሶቻቸውን መጫን ጀመረች። እሳቸውም ያግዟት ነበር።

ጀልባዋ አልተጠገነችም፤ ጎኗ ተሰንጥቆ ነበር። ባለፈው ሳምንት ፖይንት ኩክ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ክፍላቸው ፎቅ ላይ ነው፤ ንጹሕና ሞቃት ነው። ሥዕሉ መሳቢያው ላይ ተደግፏል፤ ውሃው ግማሹን ልጦታል። ፊቱ መብራት የለም። እንዲገጠም ጠይቀው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ወንበራቸው መስኮቱ አጠገብ ነው። የሚታየው የጎረቤት ጣሪያና እሱ ላይ የተደረደሩ ሶላሮች ብቻ ናቸው።

«ወደ ደቡብ አዙሮ ነው የገጠማቸው» አሉኝ። «ሰኔና ሐምሌ ምንም አይሰበስቡለትም።»

አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ ወደ ደቡብ ነበር።

«ባለቤቱን ብነግረው?» አልኩ።

«ተወው» አሉ። «እሱን የመንገዱ የኤሌክትሪክ መስመር ይደርሰዋል።»

ልጅቱ ከታች ምሳ ደርሷል ብላ ተጣራች። ሽማግሌው መጋረጃውን ዘጉና የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ።