የከረረው ጅማት

ቢቸና ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር የእግርን አጥንቶች ስም በቃሌ እወጣቸው ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ እናቴን ልጠይቅ ሞጣ ሄድኩና ከሚኒባስ ስወርድ ጭቃው አንሸራትቶኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ።

ጀሶው ነሐሴ ላይ ሲወልቅ እግሬ ከስቶ እንጨት መስሏል። ፊዚዮቴራፒስቷ መዳፉን ወደ ላይ እንዳጥፈው ብትጠይቀኝ አልታዘዝ አለኝ።

"አጥንቱስ ገጥሟል" አለችኝ። "ከተረከዝዎ በላይ ያለው ትልቁ ጅማት ግን ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ ከሯል። በየቀኑ ካልሳቡት ሲያነክሱ ይኖራሉ።"

"ስንት ጊዜ ልሳበው?"

"ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። ያምዎታል፤ ቢሆንም እንዳይተዉት።"

በማግስቱ ፎጣ በእግሬ መዳፍ ዙሪያ አዙሬ፣ ሁለቱን ጫፎች ይዤ ሳብኩት። እንባዬ መጣ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየችና "ተይው ልጄ፣ ለመጪው ዓመት ፈቃድ ጠይቂና እኔ ጋ ክረሚ" አለችኝ።

"መስከረም ላይ ክፍል እገባለሁ" አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ተይው አላለችኝም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ፎጣውን ራሷ ታቀብለኝ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት የቤቱን ግድግዳ ተደግፌ ጎንበስ ስል፣ ተረከዜ መሬት እንደነካ ሳይነሳ ቀረ። ሁለታችንም አየነው።

ትምህርት ሲጀመር ምርኩዝ ይዤ ቢቸና ገባሁ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ግማሹን ቆሜ፣ ግማሹን ተቀምጬ አስተማርኩ። ጥቅምት ሲገባ ሙሉውን ቆምኩ። ብርድ ሲሆን ዛሬም ይጠዘጥዘኛል፤ ከአልጋ ሳልወርድ እስበውና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።