አያ ይርጋና የዘመመው ምሰሶ

መይሙና ሦስት ሳምንት አናጢ ስታማርጥ ከርማ፣ አያ ይርጋን ያገኘቻቸው ጨው ልትገዛ ቆቦ ገበያ በወጣችበት ቀን ነበር። የከብት ተራው ባዶ ነው። እሳቸው እዚያ ጥግ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው መጥረቢያቸውን፣ መጋዛቸውንና መሮአቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ከዋጃ እስከ ጎብዬ ካሉት ጎጆዎች ግማሹን ያቆሙ ሰው ናቸው።

«አያ ይርጋ፣ ዕቃዎን ሊሸጡት ነው?»

«ፀሐይ እያሞቅሁት ነው» አሉ። «ገዢ የታለና እሸጣለሁ? ሰዉ ቤቱን ዘግቶ እህል ልመና መኪና መንገድ ዳር ወጥቷል። ማን ምሰሶ ያስተክላል?»

መይሙና «እኔ» ልትል ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ጊዜው የስድሳ አምስት ሰኔ ነው፤ ዝናብ ከከዳ ሁለተኛው ዓመት። አናጢ ያጣችው ጠፍቶ አልነበረም። የጎረቤቷ የአሲያ ወንድም አለ፤ እጁ ጥሩ ነው፣ ግን ያየውን ሁሉ ገበያ ላይ ያወራል። ሌላው ደግሞ አራት ሰው ይዤ ካልገባሁ አልሠራም ብሏል። እሷ የፈራችው ይህንኑ የሰው መግባት ነበር። ባሏ ነጅሙዲን የቀሩትን ሁለት በሬዎች ነድቶ ግጦሽ ፍለጋ ወደ አፋር ከመውረዱ በፊት፣ ከቤቱ ምሰሶ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው ሁለት ኩንታል ማሽላ ቀብረዋል። ደጅ ያለውን የእህል ጉድጓድ አገር ያውቀዋል፣ ባዶነቱንም ጭምር። የቤት ውስጡን ግን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ነጅሙዲን ከሄደ ሁለት ወሩ ነው፣ ወሬው የለም። ለዘርም ለሁለት ልጆቿ ጉሮሮም ያላት ያ ብቻ ነው።

ለእህሉ ሲጨነቁ ምሰሶውን ረሱት። ሥሩ የተቦረቦረው አፈር ላላና ምሰሶው ወደ ጉድጓዱ ይዘምም ጀመር። ጣሪያው ቢወርድ ጎረቤት ለእርዳታ ተሯሩጦ ይገባል፤ ዝናቡ ቢመጣ ደግሞ ማሽላው ይበሰብሳል።

«ምሰሶዬን ምስጥ በላው» አለች በመጨረሻ። «የቀን ምግብዎን እችላለሁ። ሲያልቅ የነጅሙዲንን ቡልኮ እሰጥዎታለሁ።»

አያ ይርጋ መሮውን ጠቅልለው ተነሡ። «ቡልኮው ለሚስቴ ይሆናል። ዋጃ ልጃችን ዘንድ ናት፣ እነሱም የሚቀምሱት የላቸውም» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት መጡ፤ ግን ወዲያው ሥራ አልጀመሩም። ደፍ ላይ ተቀምጠው ጣሪያውን ብዙ ጊዜ አዩት። ቤት ሲያዩ ልማዳቸው ነው፤ በሽተኛ የሚያዩ ነው የሚመስሉት። ከዚያ ምሰሶው ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው በመጥረቢያው እጀታ መታ መታ አደረጉት።

«ምስጥ ነው ያልሽኝ?»

«ምስጥ ነው።»

«ምስጥ የገባበት እንጨት ድምፁ የታፈነ ነው። ይኼ እንደ ነጋሪት ይጮኻል።»

አጎንብሰው በእበት የተለቀለቀውን ወለል መቱት። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ። ከምሰሶው አጠገብ ሲደርሱ ወለሉ ድው አለ። አያ ይርጋ ቀና ብለው መይሙናን አዩ፣ ከዚያ በር ላይ የቆሙትን ልጆች።

«ስንት ስንት ዓመታቸው ነው?»

«አምስትና ሦስት።»

«እዚህ አልቆፍርም» አሉ። «ከወዲህና ከወዲያ ሁለት ባላ ተክዬ ሸክሙን አወርድለታለሁ። ሥራው የአራት ሰው ነው። ብቻዬን እሠራዋለሁ፣ የአንድ ቀኑ ሦስት ቀን ይሁን።»

ምሳ ቂጣ በበርበሬ አቀረበችላቸው። «የሐዋርያት ጾም ነው፤ የእስላም ቤት ሥጋ አምጥታ ታስቸግረኝ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር» አሉ። መይሙና ከወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሲሄዱ ግን ሳቋም አብሮ ሄደ። የጉድጓዱን ነገር ለሚስታቸው ቢነግሩ፣ ሚስታቸው ለልጃቸው፣ ልጃቸው ለዋጃ።

በሁለተኛው ቀን ዘገዩ። ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ መይሙና ከበር ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ በር ስትል ቆየች። በኋላ አያ ይርጋን በመንገዱ ላይ አየቻቸው፤ ከኋላቸው ሁለት ወንዶች ይከተሏቸዋል። ልጆቿን ወደ ውስጥ አስገባችና በሩን በጀርባዋ ሸፍና ቆመች።

ሰዎቹ ባላዎቹን ተሸክመዋል። አጥሩ ጋ ሲደርሱ አያ ይርጋ እጃቸውን ዘረጉ። «እዚሁ ጣሉት። ቤቱ ውስጥ ተስቦ አለ።»

ሰዎቹ እንጨቱን ጥለው ላባቸውን እንኳ ሳይጠርጉ ተመለሱ።

«አያ ይርጋ፣ ልጆቼ ደህና ናቸው!» አለች መይሙና። «ተስቦ ሲሉብኝ ከነገ ጀምሮ እሳት የሚያስጭረኝ አይኖርም እኮ።»

«አይኖርም። ደጅሽን የሚረግጥም አይኖርም። የትኛው እንደሚሻልሽ አንቺ ታውቂያለሽ።»

በማግስቱ አሲያ ፍም በገል አድርጋ አጥሩ ሥር አስቀመጠችና ከሩቅ «አላህ ያሽርልሽ» ብላ ሄደች። መይሙና ፍሙን ስታነሣ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ባላዎቹ ቆሙ። አያ ይርጋ በባላዎቹ ራስ ላይ ሽብልቅ ሲመቱ በየምቱ መሐል ያርፉ ነበር፤ «እንጨቱ ይተንፍስ» ይላሉ፣ የሚያለከልኩት ግን እሳቸው ናቸው። ከቀትር በኋላ ጣሪያው አንዴ አቃሰተና ከምሰሶው ላይ ተነሣ። የዘመመውን ምሰሶ ከላዩ ቆርጠው ጉቶውን እንዳለ ተዉት።

እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ መይሙና ቢስሚላህ ብላ የጉድጓዱን መክደኛ ድንጋይ ገለጠችና ማሽላ በሻሽ ቋጥራ ከቡልኮው ጋር አቀረበችላቸው። ቡልኮውን ተቀበሉ፣ ሻሹን መለሱ።

«ይኼን ይዤ ዋጃ ብገባ ከየት አመጣኸው ይሉኛል። ይልቅ ቆልተሽ ስጪኝ፤ ቆሎ ከሆነ ለስንቅ የሰጡኝ ይመስላል።»

ቆላችላቸው። በቡልኮው ጫፍ ቋጥረው፣ መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«መይሙና፣ እህሉን ዛሬውኑ ከዚያ አንሺው። ከባላዎቹ ግን ራቅ አድርገሽ ቆፍሪ።»

«እኔ እርስዎን አምኜ የለም እንዴ?»

«ዛሬማ እመኚኝ። ሚስቴ እፊቴ ስትጠወልግ እያየሁ ግን ምን ዓይነት ሰው እንደምሆን አላውቀውም። የት እንዳዛወርሽው ለኔም አትንገሪኝ።»