ቀበቶው ብቻ የታየው ዘርይሁን

ዘርይሁን ያን ቀን ከሚኖርበት ሰፈር ከሴንት ጄምስ ታውን እስከሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ በእግሩ የሄደው ንዴቱ ባቡር ውስጥ አላስቀምጥ ስላለው ነበር። ሚስቱ ፅጌረዳ እስከ በር ድረስ ተከትላው፣ ቢናደድም ድምፁን ከፍ እንዳያደርግ ለምናዋለች። እንዴት አይናደድ? ስድስት ዓመት ሙሉ የቪዲዮ ኮንፈረንስ ክፍሉን የያዘው እሱ ነው። አሥራ ሁለቱም ወንበሮች ላይ ተራ በተራ እየተቀመጠ ካሜራውን በራሱ ፊት ልክ ያስተካከለው እሱ ነው። አሁን በዚያው ክፍል፣ በዚያው ካሜራ ፊት፣ ስለ እሱ ስንፍና ስብሰባ ሊቀመጡ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ፕሮፌሰር ሃርግሪቭ ሲያስተምር፣ በሌላኛው ካምፓስ ያሉ አርባ ተማሪዎች ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እያዩ አንዲት ቃል ሳይሰሙ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማይክ ያጠፋው ራሱ ፕሮፌሰሩ ነው፤ ሊያስል ሲል ተጫነውና ረሳው። ዘርይሁን ሁለት ጊዜ ገብቶ ነገረው። ፕሮፌሰሩ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው በእጁ መለሰው። በነጋታው ደግሞ "ቴክኒሻኑ ተኝቶ ነበር" ብሎ የክስ ደብዳቤ ጻፈበት።

ስብሰባው ላይ ደብዳቤው ተነበበ። ሊቀመንበሯ ዘርይሁን የሚለው ነገር ካለ እንዲናገር ጋበዘችው። ሪሞቱ ላይ የራሱን ወንበር ቁልፍ ተጫነ፣ ካሜራው ዞረለት፣ ፊቱ ያለውን ማይክ አበራ፣ እሱም እንደ አስተዳደጉ ብድግ አለ። ሰው ፊት ተቀምጦ መናገር ነውር አይደል!

ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ቀበቶውና የሸሚዙ የታችኛው ቁልፍ ብቻ ታዩ። በወዲያኛው ካምፓስ ሆነው ስብሰባውን ከሚከታተሉት የተማሪ ተወካዮች ሳቅ መጣ።

ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብሎ፣ "ቁጭ በል እንጂ ዜሪ፤ የገዛ ካሜራህን አታውቀውም?" አለው።

ደሙ ፈላ። ሊቀመጥ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ነበር፤ መልሶ ቀጥ አለ። ሪሞቱን አነሳና ካሜራውን ቀስ እያደረገ ወደ ላይ ገፋው፤ ቀበቶ፣ ደረት፣ አገጭ፤ በመጨረሻ በንዴት የከሰለ ፊቱ ግድግዳውን ሞላው። ሳቁ ቆመ።

"ስሜ ዘርይሁን ነው" አለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። "ማክሰኞ ዕለት ሁለቴ ስገባ ያያችሁ ተማሪዎች፣ እጃችሁን አውጡ።"

ከወዲያ ማዶ የተቀመጡት ሦስቱ የተማሪ ተወካዮች እጃቸውን አወጡ።

ዘርይሁን ሪሞቱ ላይ የፕሮፌሰሩን ወንበር ቁልፍ ተጫነ። ካሜራው ዞረ። ፕሮፌሰሩ ቀልቶ ብዙ ተናገረ፣ ጠረጴዛም መታ።

ከወዲያ ማዶ አንዷ ተማሪ፣ "ይቅርታ፣ አይሰማም" አለች።