የተቆረጠው ዋርካ አድራሻ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ እመቤት ላፕቶፗን ታቅፋ መጣችና በረንዳዬ ላይ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ተቀመጠች። እዚሁ ፍኖተ ሰላም ኮምፒዩተር ትማራለች። ሰኞ የምታስረክበው ሥራ ነበረባት።

"ምን ሆነሽ ነው እናቴ?" አልኳት።

"ኔምስፔስ የሚሉት ነገር ነዋ! ይተዉኝ እምዬ፣ ብነግርዎትም አይገባዎትም።"

"አንቺስ መቼ ገባሽ?"

ሳቀችና ነገረችኝ። ሁለት መዝገብ ሰጥተዋታል፤ አንዱ የበሽተኞች፣ አንዱ የመድኃኒቶች። ኤክስኤምኤል በሚባል አጻጻፍ ልታጣምራቸው ነው። ታዲያ በሽተኛውም «ስም» አለው፣ መድኃኒቱም «ስም» አለው። ሲቀላቀሉ ማሽኑ መለየት አቃተው፤ ሽሮፑን በሽተኛ አድርጎ ቁጭ! ስለዚህ በየስሙ ፊት አጭር ምልክት ታደርጋለች፤ ከላይ ደግሞ ያ ምልክት የማን ወገን እንደሆነ በረጅም አድራሻ ታስታውቃለች። እስከዚህ ደህና ነበረች።

"አድራሻው ግን የኢንተርኔት ይመስላል፣ ስከፍተው ባዶ ነው! የተሳሳትኩ መስሎኝ ሥራዬን ትቼ ትክክለኛውን ስፈልግ አረፈድኩ።"

ይህን ስትል የቡሬው ሸማኔ፣ አያ እንድሪስ፣ ፊቴ ድቅን አሉ።

ያን ጊዜ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። ለጥር ልዳር ነው። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም፤ ለሠርጌ ነጠላ ብላ ማጉን ፈትላ ጨርሳ ነው የሞተችው። አምስት ልቃቂት፣ ቅጥነቱ ፀጉር የሚያስንቅ። ከእጇ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። ድሩን እኔ ፈተልኩ፤ የኔን ፈትል ተዉት፣ አይነሳ። ሁለቱን በጨርቅ ቋጥሬ፣ በሰማያዊ ክር አስሬ ወደ ቡሬ ወረድኩ።

ኅዳር ነበር። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ መንገደኛውን ሁሉ ያስነጥሳል። ስንቄ በኑግ የታሸ የዳጉሳ ቂጣ ነበር፤ የዛሬ ልጆች ዳጉሳ ሲባል ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ጣሙን ቢያውቁት ጤፉን በተዉት። ብቻ፣ ቡሬ ደረስኩ።

አያ እንድሪስ እንደ ሸማኔ ወግ እግራቸውን ጉድጓዳቸው ውስጥ ከተው፣ እጃቸው መወርወሪያውን ሲያመላልስ አገኘኋቸው።

"የማን ነው?" አሉኝ ቋጠሮውን ተቀብለው።

"የኔ ነው። ሰማያዊ ክር የታሰረበት ብለው ይያዙት።"

"ሰማያዊ የሚያስር ብዙ ነው። ከላይ ጀምረሽ ተናገሪ፤ አገርሽን፣ ደጅሽን፣ የማን እንደሆንሽ።"

ረጅሙ መንገድ አድክሞኛል፤ ሳልፈልግ ከአፌ አመለጠኝ። "ምነው፣ ሽምግልና ሊመጡብኝ ነው?"

ሳቁ። "እግሬ ከዚህ ጉድጓድ ወጥቶ የት ሊደርስ? ልመጣበት አይደለም ልጄ፣ ልለይበት ነው።"

ላላግጥባቸው ብዬ ትንፋሼ እስኪያጥር አወረድኩት። "ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ከተቆረጠው ዋርካ ማዶ፣ ሁለት በር ካለው ቤት፣ የሟቿ የጥሩነሽ ልጅ!" ዋርካው እኮ እኔ ሳልወለድ የተቆረጠ ነው፤ ጉቶውም የለም። እሳቸው ግን ቃሌን ሦስት ጊዜ በከንፈራቸው መልሰው አሉት። ከዚያ በእያንዳንዱ ልቃቂት ላይ አንዳንድ የቀንድ ስባሪ አሰሩ።

"እንግዲህ ቀንድ ስል ያን ሁሉ ማለቴ ነው። ሥራሽ ሲያልቅ ቀንዱን ለሌላ ሰው አስረዋለሁ።"

እኔ ጊዜ ማባከን መስሎኝ እያጉረመረምኩ ተመለስኩ።

በሁለት ሳምንቱ ስመለስ ደጃቸው ላይ አንዲት የሽንዲ ሴት ሁለት ቋጠሮ ፈትታ ክሩን ሰሌን ላይ ዘርግፋ አየሁ። ሁለቱም በሰማያዊ የታሰሩ ኖረዋል፤ የሷንና የእናቴን ደባልቃዋለች። የኔ ድር ሸማ ዕቃው ላይ ተወጥሯል፣ ማጉ ግን ይኸው መሬት ላይ። ጮህኩ።

"ምን ያስጮህሻል? ክር ክር ነው!" አለችኝ ሴትዮዋ።

"የእናቴ ነው!"

"የኔስ የማን ነው? ቀንድ ያለበት የኔ ነው።"

"ኧረ ቀንዱ የኔ ነው!"

አያ እንድሪስ መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ "መቃ የታሰረበት፣ ሽንዲ፣ ከገበያው በላይ፣ የአንጥረኛው ጎረቤት፣ የወይዘሮ ላቀች" አሉ። ደግሞ ቀጠሉ። "ቀንድ የታሰረበት፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ከተቆረጠው ዋርካ ማዶ፣ ሁለት በር ካለው ቤት፣ የሟቿ የጥሩነሽ ልጅ።" ያላገጥኩባትን እያንዳንዷን ቃል ሳይጥሉ መለሱልኝ። ፊደል የማይቆጥሩ ሰው ናቸው እኮ!

ሴትዮዋ «የሟቿ» የሚለውን ስትሰማ እጇን ሰበሰበች። ቀንድ ያለባቸውን አምስቱን አንድ በአንድ ለቅማ ነጠላዬ ላይ አኖረችልኝ። የመጨረሻውን ግን ክሩን በጣቷ ሳብ አድርጋ አየችው።

"አይ እጅ!" አለች። "እናትሽ እጅ ነበራት።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ለእመቤት ይህን ነገርኳት። "አድራሻው አልተበላሸም" አልኳት። "ልትሄጂበት አይደለም እኮ፣ ልትለዪበት ነው።"

አፏን ይዛ አየችኝ። ከዚያ ወደ ማሽኗ ዞረች፤ ምሳ ሳይቀርብ፣ "ሠራ እምዬ! ሽሮፑም ሽሮፕ ሆነ!" ብላ ጮኸች።

ነጠላውን ከሳጥን አውጥቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት። ድሩ የኔ፣ ማጉ የእናቴ። እየዳበሰች፣ "እስቲ ያን አድራሻ ይድገሙልኝ" አለችኝ። ዛሬ ቤቱ ፈርሷል፣ በደጁ መንገድ አልፎበታል፤ አያ እንድሪስም ካለፉ ቆዩ። ቢሆንም አንድ ሳልጥል አልኩላት፤ ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ከተቆረጠው ዋርካ ማዶ፣ ሁለት በር ካለው ቤት። ማንም ሄዶ አያገኘውም። እናቴ ግን ዛሬም ከሌላ ሰው እናት ጋር አትደባለቅብኝም።