የጋሽ ኢተፋ ፍልሚያ

ጋሽ ኢተፋ በሥራ ቀን ቡልጋሪያ ሰፈር ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲጠግን ይውላል። እሁድ ሲሆን ግን ኮቱን ደርቦ ካዛንቺስ ይወጣና በሰፈሩ የቦክስ አዳራሽ ማይክ ይጨብጣል። ቦክሰኞቹን በስማቸው እየጠራ ሪንግ ማስገባት ከወጣትነቱ ጀምሮ የሱ ነው። ደመወዝ የለውም። ክብሩ ግን፣ አቤት!

አንድ የሚሳሳላት ቃል ነበረችው፤ ፍልሚያ። በዋዛ አያወጣትም። «ጠብ የሰካራም ነው፤ ግጥሚያ የኳስ ነው» ይላል። «ፍልሚያ ማለት ሁለት ሰው በስም ተጠራርቶ፣ ዳኛ አቁሞ፣ ሕዝብ እያየ ሲገናኝ ነው። የተሸነፈም አያኮርፍም።»

ታዲያ ሰብሪና መጣች። ደምበል ልብስ የምትሸጥ ልጅ ናት። አንድ እሁድ ጋሽ ኢተፋን ጉንፋን ሲጥለው ተካችው፤ በቃ፣ ሕዝቡ አበደላት! ቃሉንም አልቆጠበችም፤ ለለማጆቹም ፍልሚያ፣ ለማሟሟቂያውም ፍልሚያ።

ጋሽ ኢተፋ ሚስቱን ጦቢያን «ድምፅዋ አይቀጥንም?» እያለ አሰለቻት።

«ቀንተህ ነው» አለችው ሳትሸፋፍን። እውነቷን ነው። ቀንቷል፤ ያውም በልጁ እኩያ!

ባለፈው እሁድ አላስችል አለው። ሪንጉ ላይ ወጥቶ፣ «ሰብሪና! በስምሽ ጠርቼሻለሁ። ማይኩ ላሸነፈ!» አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ከእርስዎ ጋር?» ብላ ደነገጠች። ሕዝቡ ግን አጨበጨበ። አሰልጣኙ አቶ ኃይለገብርኤል ዳኛ ሆኑ፤ የመጀመሪያውን ጥንድ እሱ፣ ሁለተኛውን እሷ ሊጠሩ ተስማሙ።

እሱ እንደ ወትሮው ስምና ኪሎ ጠራ፤ ደህና ተጨበጨበለት። እሷ ግን አስቀድማ ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ቆማ ልጆቹን አነጋግራ ነበር። «እናቱ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታየው የመጣችለት፣ ፈየራ!» ስትል፣ ከኋላ አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው፤ አዳራሹ ተናጠ። ጋሽ ኢተፋ በዚያ ሁሉ ዘመን አንዱንም ልጅ ማን ሊያይህ መጣ ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

አቶ ኃይለገብርኤል ጠጋ ብለው «እሷ ናት» አሉት። አሸናፊን ለሕዝብ መጥራት የአስተዋዋቂው ፋንታ ነውና ማይኩን ሰጡት። ኮቱን ጥሎ ቢወጣ በወደደ። ግን ደረቱን ነፋ።

«የዛሬው ፍልሚያ አሸናፊ፣ ሰብሪና!»

እንዲህ አሳምሮ የማንንም ስም ጠርቶ አያውቅም። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ። ማይኩን ሲያቀብላት ስሟ በገዛ ድምፁ እንዴት እንዳማረ ሰማ፤ በዚያም ደግሞ ቀናባት።